እውነት ወይስ ተረት? 30-06 ይሻላል ወይስ 308?

ባለፈው መስከረም መገባደጃ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቶናው ሳይቀዳ ወሬው ወደ አደን ዞረ፤ በረካው ሲደርስ ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንደኛው ተከራካሪ በንጉሡ ዘመን በክቡር ዘበኛ ያገለገሉ፣ ሰማንያን የተሻገሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወጣትነታቸው ያለፈው ከኤም ዋን ጠመንጃ ጋር ነው፤ የኤም ዋን ጥይት ደግሞ 30-06 ነው። ሌላው የእህታቸው ልጅ ነው። እዚሁ ያደገ፣ ማደን ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን የያዘ፣ ጠመንጃውም 308።

«አንተ ልጅ፣ እሷ ለሚዳቋ ትሆናለች። ኤልክ ፊት ይዘሃት እንዳትቆም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ቁጥሩን ይመልከቱ እንጂ! የኔዋ 308 ናት፤ የእርስዎ ገና 30 ላይ ነች።»

ሁለቱም ከልባቸው ነበር የሚናገሩት። እኔ ግን ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ፤ የዚህ ክርክር ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው እንስሳው ላይ ነውና። በተሳሳተ እምነት የተተኮሰ ጥይት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይስትም፤ አቁስሎ ነው የሚለቀው። የቆሰለው ኤልክ፣ ያ ግዙፍ የአሜሪካ አጋዘን፣ ጥሻ ለጥሻ እየተጎተተ ማንም በማያየው ቦታ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም አይሆንም። ያን ማታ የሰማኋቸውንና ከዚያ በፊት በተኩስ ሜዳና በአደን ሰፈር ስሰማቸው የኖርኩትን አባባሎች እዚህ የማነሣው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «308 በቁጥር ስለሚበልጥ አረሩም ይወፍራል።»

የሁለቱም አረር ውፍረት አንድ ነው፤ 0.308 ኢንች ወይም 7.82 ሚሊሜትር። ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች ከአንድ ካርቶን ያወጡትን አረር ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። የቀለሁ መቀመጫ እንኳ እኩል ነው፤ ሁለቱም 12 ሚሊሜትር ናቸው። ልዩነቱ ያለው በቀለሁ ርዝመት ላይ ነው፤ የ30-06 ቀለህ 63 ሚሊሜትር ሲሆን የ308 ደግሞ 51 ነው። ረጅሙ ብዙ ባሩድ ይይዛል፣ አጭሩ ትንሽ። ነገሩ በሙሉ ይህ ነው።

ሰውን የሚያሳስቱት ስሞቹ ናቸው። «30» የሚለው ጥምዝምዙ ከመቆረጡ በፊት የአፈሙዙ ውስጥ ስፋት ሲሆን «06» ደግሞ ዓመቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1906። የአሜሪካ ጦር በ1903 የተቀበለው ጥይት አፍንጫው ድፍን የሆነ፣ 220 ግሬይን የሚመዝን ከባድ አረር ነበረው። ጀርመኖች በ1905 ሹል አፍንጫ ያለው ቀላልና ፈጣን አረር ሲያወጡ አሜሪካኖቹም በዓመቱ የራሳቸውን ወደ 150 ግሬይን አቅልለው አሾሉት። 308 የመጣው ከዚህ በጣም ዘግይቶ ነው። የዊንቸስተር ኩባንያ ለአዳኞች ያቀረበው በ1952 ሲሆን መንታ ወንድሙ 7.62 የኔቶ ጥይት ሆኖ የጸደቀው በ1954 ነው። ስሙን ያገኘው ከአረሩ ውፍረት ነው። አንዱ ስም የቀዳዳውን፣ ሌላው የአረሩን ልክ ይናገራል፤ ሁለቱን ማወዳደር የበሬን ዕድሜ ከላም ክብደት ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

አረሩ አንድ ነው ማለት ግን ጥይቱ ይለዋወጣል ማለት አይደለም። አንዱን በሌላው ጠመንጃ ውስጥ መክተት አደጋ ነው። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውንና ቀለሁ መቀመጫ ላይ የታተመውን ሳያነብቡ ማንም አያጉርስ።

ተረት፦ «30-06 ኤልክ ይጥላል፤ 308 ግን ያቆስላል።»

ይህ የጋሼ እምነት ነው። ብዙ የተማሩ አዳኞችም ሲሉት ሰምቻለሁ። በተለመደው የመደብር ጥይት እንመልከተው። 180 ግሬይን ማለትም ወደ 11.7 ግራም የሚመዝን አረር ከ308 ሲወጣ በሰከንድ ወደ 800 ሜትር ይሄዳል፤ ከ30-06 ሲወጣ ወደ 823። በጉልበት ሲለካ የመጀመሪያው 3,700 ጁል ገደማ፣ ሁለተኛው 3,950 ገደማ ነው። ብልጫው ከመቶ ስድስት ያህል ነው።

ከመቶ ስድስት ሜዳ ላይ ምን ማለት ነው? አረር በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። የ308ቱ ልጅ ወደ ኤልኩ ሠላሳ ወይም አርባ ሜትር ያህል ቢጠጋ ልዩነቱ ይጠፋል። በእግር ሲታሰብ አንድ ጉብታ ተሻግሮ እንደ መንበርከክ ነው። የአረሩ አወራረድም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም ጠመንጃዎች 200 ያርድ ላይ አስተካክሎ 300 ያርድ ላይ፣ ማለትም 274 ሜትር ላይ፣ ቢተኮስ አንዱ ከሌላው ዝቅ የሚለው ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ከጎን የሚነፍስ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ግን በዚያው ርቀት ሁለቱንም ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋቸዋል። በሮኪ ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ ነፋስ የጠዋት እንግዳ ነው። ሰው ስለ ሦስቱ ሴንቲሜትር ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ ስለ ነፋሱ ሳያስብ ምላጭ ሲስብ ማየት ያሳዝነኛል።

አጭሩ ቀለህ በጣም ወደ ኋላ ያልቀረበትም ምክንያት አለው። 308 በተሠራበት ዘመን የተሻሻለ ባሩድ ነበር። የተፈቀደለት ግፊትም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ለ308 በካሬ ኢንች 62,000 ፓውንድ፣ ለ30-06 ደግሞ 60,000። የ30-06 ልክ ዝቅ ያለው በየቤቱ ያሉት የቆዩ ጠመንጃዎች ታስበው ነው።

የኮሎራዶ ሕግ ራሱ ለኤልክና ከእሱም ለሚገዝፈው ለሙስ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ስፋት፣ ቢያንስ 85 ግሬይን የሚመዝን፣ ሲመታ የሚከፈት አረርና በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ነው፤ ይህም ወደ 1,356 ጁል ነው። ሁለቱም ጥይቶች እዚያ ርቀት ላይ ከዚህ ዕጥፍ በላይ ተሸክመው ይደርሳሉ።

ተረት፦ «ጥሩ ካሊበር እንስሳውን ካለበት አንሥቶ ይጥለዋል።»

ይህኛው ሥሩ ጥልቅ ነው። ፊልሙ፣ ፉከራው፣ የአዳኝ ጨዋታው ሁሉ ያጠናክረዋል። ትንሽ ሒሳብ እናድርግና እንየው። 11.7 ግራም አረር በሰከንድ 823 ሜትር እየሄደ 320 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ኤልክ ውስጥ ገብቶ ቢቀር፣ እንስሳውን ሊገፋው የሚችለው በሰከንድ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንድ ጎረምሳ በትከሻው ቢገፋው ከዚህ ይበልጣል። ደግሞም አረሩ ወደ ፊት የያዘው ግፊት ሁሉ፣ ከባሩዱ ጋዝ ግፊት ጋር ተደምሮ፣ መጀመሪያ የተኳሹ ትከሻ ላይ አርፏል። ኤልኩን አንሥቶ የሚጥል ጥይት ቢኖር ተኳሹን አስቀድሞ በጀርባው ባነጠፈው ነበር።

ታዲያ አንዳንዱ በቆመበት የሚወድቀው ለምንድን ነው? አረሩ አከርካሪን ወይም አንጎልን ስለሚያገኝ ነው። ነርቩ ተበጠሰ፤ እግሩ ከዳው። ልብና ሳንባው የተመታ ግን ብዙ ጊዜ ይሮጣል። አንጎል ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ጥቂት ሰከንዶች ያቆየዋል፤ በነዚያ ሰከንዶች ኤልክ ሃምሳም መቶም ሜትር ይሄዳል። ሞቷል፤ እግሩ ግን ገና አልሰማም። «አልወደቀም፤ ስቼዋለሁ፤ ጠመንጃዬ ደካማ ነው» ብሎ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ሰው ስንት ሬሳ ጥሻ ውስጥ ጥሎ እንደ መጣ አያውቀውም።

ስለዚህ ካሊበር ከመምረጥ በፊት ዱካ ማንበብ መማር ይገባል። ጥይቱ ያገኘበት ቦታ ላይ ሄዶ ደሙን ማየት ነው። ሮዝ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፤ እንስሳው ቅርብ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፤ ታግሶ መቆየት ያሻል። የፈርስ ሽታ ወይም አረንጓዴ ነገር ከተቀላቀለበት ሆድ ዕቃው ተመትቷል፤ ወዲያው ቢከተሉት እየተነሣ ይርቃል፤ ለሰዓታት ቢተዉት ግን በተኛበት ይገኛል። ሳንባ ለተመታም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የቆየ የአዳኝ ደንብ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ልክ ይመጣል።

ሰፊ ካሊበር ማለት ትልቅ ጉልበት አለመሆኑን ከራሳችን ታሪክም ማየት ይቻላል። አባቶቻችን አድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው፤ ስሙ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የመጣ። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ አረሩ ወደ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነበር። አረሩ ከ308 አረር ዕጥፍ ይከብዳል፤ ስፋቱም በጣም ይበልጣል። ጉልበቱ ግን ወደ 2,500 ጁል ነው፤ ከ308 በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። የአፈሙዝ ስፋት ብቻውን የጥይትን አቅም አይናገርም።

ተረት፦ «ካሊበሩ ከተመረጠ አረሩ ምንም ይሁን።»

ከሁሉም ይበልጥ እንስሳ ያሠቃየው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ አዳኝ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ ሙስ አገኘ። የያዘው 300 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነበር፤ ከ30-06ም ከ308ም ግልጽ በሆነ መንገድ የሚበረታ ጥይት። ሙሱ ጭቃ ደርቆበት ነበር። አረሩ ቆዳውንና ጭቃውን ሲያገኝ ላይ ላዩን ተበታተነ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ደጋግሞ መተኮስ ግድ ሆነበት። ኖስለር ወደ ቤቱ ሲመለስ ከፍ ያለ ካሊበር ለመግዛት አልሄደም፤ አረር ለመሥራት ተቀመጠ። መካከሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊተኛው ክፍል እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ የኋለኛው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፓርቲሽን ብሎ ጠራው፤ በ1948 ኩባንያ አቋቁሞ መሸጥ ጀመረ። ዛሬም ይሸጣል።

ታሪኩን በኤልክ ላይ ብናመጣው፣ በወርቹ አጥንት በኩል ገብቶ ሳንባ ለመድረስ የሚያስፈልገው ሳይበታተን የሚዘልቅ አረር ነው። ለአጋዘን ተብሎ የተሠራ፣ ቶሎ የሚፈነዳ ርካሽ አረር በ30-06 ቢተኮስ ወርቹ ላይ ሊቀር ይችላል። በደንብ የተሠራ አረር ከ308 ወጥቶ በሌላኛው ጎን ያልፋል። ጋሼና የእህታቸው ልጅ ስለ ጠመንጃው ስም ሲሟገቱ በየካርቶናቸው ውስጥ ያለው አረር ምን ዓይነት እንደሆነ አንዳቸውም አላነሡም።

የወታደር ጥይት ደግሞ ሌላ ነው። በመዳብ ሙሉ በሙሉ የተለበጠ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ ጠባብ ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ መግለጫ በጦርነት ላይ የሚከፈት አረር እንዳይተኮስ ከልክሏል፤ ዓላማው የወታደሩን ሥቃይ መቀነስ ነበር። በአደን ላይ ተቃራኒው ነው ግዴታ የሆነው፤ የሚከፈት አረር እንስሳውን ቶሎ ስለሚገድል ሥቃዩን ያሳጥራል። ለሰው የተከለከለው ለእንስሳው ምሕረት ሆነ። ርካሽ ነው ብሎ የወታደር ጥይት ይዞ ኤልክ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሕግም ይጥሳል፣ እንስሳም ያጉላላል።

እግረ መንገዴን፣ ክትፎ ለምንወድ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። የእርሳስ አረር ሲበታተን ዓይን የማያየው ቅንጣት ከቁስሉ ርቆ በሥጋው ውስጥ ይሰራጫል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች የተለገሰ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በዚህ ምክንያት እንዲጣል የጤና ባለሥልጣናት መክረዋል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ ጥንብ አንሣ በእርሳስ እየተመረዘ ስለሚሞትባት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በማናቸውም አደን ላይ የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ሙሉ መዳብ የሆነ አረር ለሁለቱም ካሊበር በየመደብሩ አለ፤ ልጆች ላሉት ቤት እሱን እመርጣለሁ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ መጣል ነው። የዱር ሥጋ በጥሬው መብላት ደግሞ በየትኛውም አረር ይቅር። ኮሎራዶ ውስጥ በአጋዘንና በኤልክ ላይ የሚታየው አክሺ በሽታ መጀመሪያ የተስተዋለው እዚሁ በ1967 ነው፤ ምርመራ የሚደረግበት ቦታ እያለ ሳያስመረምሩ ማዕድ ላይ ማቅረብ አይገባም።

ተረት፦ «ቤል በትንሽ ጥይት ዝሆን ከጣለ፣ ሄሚንግዌይ በ30-06 አንበሳ ከገደለ፣ ካሊበር ወሬ ነው።»

እስከ አሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ወደዚህኛው ጫፍ እንዳይሄድ እፈራለሁ። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን እንደ ገደለ እውነት ነው። አብዛኞቹን የገደለው 7 ሚሊሜትር በሆነ የማውዘር ጥይት ነው፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ በጊሎ ወንዝ አካባቢም አድኗል። ነገር ግን ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሚቀመጥ ያጠና ሰው ነው። አረሩ የማይከፈት ድፍን ነበር፤ በአብዛኛው አንጎል ላይ ነው የሚያነጣጥረው። በየቀኑ ይተኩስ ነበር። በዓመት አንድ ሳምንት የሚያድን ሰው የቤልን ጥይት መግዛት ይችላል፤ የቤልን እጅ ግን አይገዛም።

ኧርነስት ሄሚንግዌይም በ1933 እና 1934 በኬንያና በታንጋኒካ ሲያድን ስፕሪንግፊልድ 30-06 ይዞ ነበር። ዛሬ ግን በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ሕግ ለዝሆንና ለጎሽ ዝቅተኛው ልክ 375 ነው። 30-06ም ሆነ 308 ለዚያ ሥራ አይመከሩም። የቆሰለ ጎሽ ጥሻ ውስጥ አድፍጦ ስለሚጠብቅ ያን ጊዜ ጉዳዩ የአዳኙና የመሪው ሕይወት ይሆናል።

ተረት፦ «ርግጫ የሚከብደው ለፈሪ ነው።»

ርግጫ ማለቴ ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻን የሚመታበት ጉልበት ነው። አረሩ ያው ሆኖ 30-06 ተጨማሪ ባሩድ ስለሚያቃጥል ከ308 በመጠኑ ይበልጥ ይመታል፤ ልዩነቱ ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት አካባቢ ነው። ይህ ለብዙ ሰው ምንም ነው። ለአንዳንዱ ግን ሁሉም ነገር ነው፤ ጀግንነትም እዚህ ውስጥ የለበትም።

የራሴን ልንገር። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ከወዳጄ የተዋስኩት ጠመንጃ ማግነም ነበር። ዒላማው ላይ አረሩ በየቦታው ሲያርፍ ማነጣጠሪያውን እወቅስ ነበር። አብሮኝ የነበረው ሰው ምንም ሳይነግረኝ አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ ባዶ ቀለህ እያጎረሰ ይሰጠኝ ጀመር። ባዶው ላይ ምላጩን ስስብ አፈሙዙ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ሲደፋ አየሁ። ጠመንጃው አልተኮሰም፤ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትከሻዬን ወደ ፊት ወርውሬ፣ ምላጩን ነጥቄ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር ብዙ እንስሳ አድኗል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ 308 ወረድኩ፤ ለአንድ ዓመት ጆሮዬን በደንብ ሸፍኜ፣ በአንድ ጊዜ ከሃያ ጥይት በላይ ሳልተኩስ ተለማመድኩ። ዛሬ ሁለቱንም እተኩሳለሁ።

ቀጭን ሰውነት ላለው፣ ለጀማሪ፣ ትከሻውን ለታመመ ሰው «ወንድ ከሆንክ 30-06 ያዝ» ማለት ክፉ ምክር ነው። ልቡንና ሳንባውን በ308 የሚያገኝ ሰው ሆድ ዕቃውን በ30-06 ከሚያገኝ ሰው ይሻላል፤ ይህን የሚክድ አዳኝ አላጋጠመኝም።

ሁለት አጫጭር ነገሮች

«308 በተፈጥሮዋ አነጣጣሪ ናት» ይባላል። የዒላማ ተወዳዳሪዎች ከ30-06 ወደ 308 መዞራቸው እውነት ነው። ግን የአጋዘን ልብና ሳንባ ቢያንስ ሃያ ሴንቲሜትር የሚሰፋ ሳህን ያህላል፤ የኤልክ ደግሞ ከዚያ በጣም ይሰፋል። ተወዳዳሪዎቹ የሚቆጥሩት የሚሊሜትር ልዩነት እዚያ ላይ አይታይም።

«የድሮ ኤም ዋን ካለህ ማናቸውም የመደብር 30-06 ይሆናታል» ደግሞ ስሕተት ነው። ኤም ዋን በ1936 የጸደቀው ለወታደር ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ይህንኑ ጠመንጃ ይዞ ነው የተዋጋው። ከባድ አረርና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው የዛሬ የአደን ጥይት ጋዙ በሚገፋው ዘንግ ላይ ከሚችለው በላይ ይጫናል፤ ዘንጉ ሊጣመም ይችላል። የአባት ቅርስ ሆኖ የተሰቀለ ጠመንጃ ያለው ሰው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ጥይት ይፈልግለት።

እውነትም ልዩነት ያለበት ቦታ

ጋሼን ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። አረሩ ሲከብድ 30-06 ይለያል። 200 እና 220 ግሬይን አረር ረጅም ስለሆነ ከ308 አጭር ቀለህ ውስጥ ገብቶ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ በ30-06 ግን 220 ግሬይኑ በሰከንድ 730 ሜትር ገደማ ይወጣል። አላስካ ውስጥ ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሙስ ለሚያድን፣ ወይም ቡናማ ድብ ባለበት አገር ለሚያልፍ ሰው ይህ ከወሬ ያለፈ ብልጫ ነው። እዚያ ብሄድ 30-06ን ነው የምይዘው።

308 ደግሞ አጭር መቀርቀሪያ ባለው ጠመንጃ ውስጥ ስለሚገባ ጠመንጃው ያጥራል፤ ከመቶ ግራም በላይም ይቀልላል። ይህ ትንሽ የሚመስለው ተራራ ላልወጣ ሰው ነው። ኤልክ የሚታደነው ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ማንገቻው ትከሻን መቁረጥ ይጀምራል።

ስለ ከፍታ ሳነሣ አገሬን ማሰቤ አልቀረም። በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ የሚኖረው የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸውም እሱ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ከኤልክ ብዙ አያንስም። ቁጥሩ የተመናመነ፣ ለመጥፋት የተጋለጠ እንስሳ ነው። ፈቃድ አውጥቶ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው አዳኝ ከማግነም በታች አይበቃም የሚል ምክር ይዞ ይመጣል። በሩቁ፣ ከገደል ማዶ የመተኮስ ፈተና ስላለ ምክሩ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ያንን ያህል ብርቅ የሆነ እንስሳ በ400 ሜትር ላይ ለመሞከር የሚገፋፋን ጥይት፣ በ200 ሜትር ላይ በደንብ ከሚያውቁት ጥይት ይልቅ አደገኛ ነው እላለሁ። አንዱ ቢቆስልና ቢጠፋ የሚጎድለው ከጥቂቶች ላይ ነው።

ከዚያ ቡና በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። ሃያ ሴንቲሜትር የሚሰፋ የብረት ሳህን 200 ያርድ ላይ ሰቀልን። ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ የለም፤ አዳኝ እንደሚተኩሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ማንገቻውን ክንዳቸው ላይ እንደ ድሮው ጠምጥመው፣ በየጥይቱ መካከል ረጋ ብለው እየተነፈሱ በ30-06 አሥር ተኮሱ፤ ስምንት ጊዜ ብረቱ ጮኸ። ልጁ በ308 አሥር ተኩሶ ስድስት መታ። ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ጠመንጃ አንሥተው ሰጡት፤ የእሱን ተቀበሉት።

ጋሼ በ308 ስምንት መቱ። ልጁ በ30-06 አሥሩን ጨርሶ፣ ቀለሆቹን ከሣሩ ላይ እየለቀመ፣ «ስድስት» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ማንገቻውን እንዴት ነው የሚጠመጥሙት? ያሳዩኝ» አላቸው። እሳቸውም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።